የደም ዓይነት ምርመራን ከውጭ ባልደረቦች ጋር ማሻሻል፦ ከየት እንጀምር ለምትሉ

የደም ዓይነት መለየት ቀላል ሥራ ይመስላል። ሁለት ጠብታ፣ አንድ ደቂቃ፣ አለቀ። እኔ የምሠራው በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ላብራቶሪ፣ ክሮስማች (የለጋሽና የታካሚ ደም መስማማቱ የሚፈተሽበት ምርመራ) በሚሠራበት ክፍል ነው። ከዚህ ወንበር ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ የላብራቶሪ ውጤት ቢሳሳት ነገ ተደግሞ ይታረማል። የኦ ሰው ላይ የኤ ደም ከተሰቀለ ግን ለእርማት ጊዜ ላይኖር ይችላል። በታካሚው ሰውነት ያለው አንቲ-ኤ፣ ማለትም የኤ ሴልን የሚያጠቃ አንቲቦዲ፣ የገባውን ደም እዚያው ደም ሥር ውስጥ ያፈርሰዋል። ኩላሊት ይጎዳል፣ ሰው ይሞታል።

ወጣት ባልደረቦች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። "ከውጭ አገር ላብራቶሪ ጋር ተባብረን ምርመራችንን ማሻሻል እንፈልጋለን፤ ምን እናድርግ?" ጥያቄው ደስ ይለኛል። ይህ ሙያ ከጥንቱም በትብብር ያደገ ነው። ላንድስታይነር ኤ፣ ቢ እና ኦን በ1901 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ጻፈ። ኦ የሚመስለው ግን ኦ ያልሆነው የቦምቤይ ዓይነት በ1952 ህንድ ውስጥ ተገለጸ። አር ኤች አንቲጅን (በቀይ ሴል ላይ ያለ የደም ዓይነት ምልክት) ጨርሶ የሌለባት የመጀመሪያዋ ሰው በ1961 ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች መካከል ተገኘች። ዛሬ ከ40 በላይ የደም ዓይነት ሥርዓቶች ይታወቃሉ። ስማቸውንና ቁጥራቸውን የሚያጸድቀው በ1935 ሮም ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የደም ማኅበር፣ አይ ኤስ ቢ ቲ፣ ነው። የአንድ አገር ላብራቶሪ ብቻውን ይህን ሁሉ አይደርስበትም ነበር።

ምክሬ ግን ብዙዎቹ ከሚጠብቁት ይለያል። ማሽን አትጠይቁ። ቢያንስ በመጀመሪያው ደብዳቤ አይሁን።

መጀመሪያ የራሳችሁን ጠረጴዛ እወቁ

ከውጭ የሚመጣ ባልደረባ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ "ኮንትሮላችሁን አሳዩኝ" ነው። ኮንትሮል ማለት ሪኤጀንቱን፣ ማለትም የመመርመሪያ ፈሳሹን፣ ዓይነቱ በታወቀ ደም መሞከር ነው። ዛሬ ጠዋት አንቲ-ኤ ከኤ ሴል ጋር ሠርቷል? ከቢ ሴል ጋርስ ዝም ብሏል? ደሙን ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚያሰኘውን ዲ የሚለየው አንቲ-ዲስ ከፖዘቲቭም ከኔጌቲቭም ሴል ጋር ተሞክሯል? መዝገቡ ላይ ከሌለ አልተሠራም ማለት ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀድሞ የሚታወቅ ደም ከፍሪጅ አውጥቶ ዐሥር ደቂቃ መስጠት ነው።

ሁለተኛው፣ በሁለቱም በኩል መሥራት ነው። በብዙ ቦታ የታካሚው ሴል በስላይድ ላይ በአንቲ-ኤ፣ በአንቲ-ቢ እና በአንቲ-ዲ ተመርምሮ ያበቃል። ይህ ግማሹ ሥራ ነው። የታካሚው ፕላዝማ በታወቁ የኤ እና የቢ ሴሎች መፈተሽ አለበት። ሁለቱ ውጤቶች ካልገጠሙ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ሳይጣራ ውጤት አይወጣም። ከ4 ወር በታች ያለ ሕፃን ላይ ብቻ የፕላዝማው ክፍል አይሠራም። የራሱን አንቲቦዲ ገና በበቂ አላመረተም፤ የሚገኘውም ከእናቱ የመጣ ሊሆን ይችላል።

"የኤ እና የቢ ሴል ከየት እናምጣ? ከውጭ የሚመጣው ዕድሜው በሳምንታት የሚቆጠር ነው፤ ጉምሩክ ላይ ያልቃል" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። እዚሁ ሥሩት። የሦስት የታወቁ ኤ ሰዎችን የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ናሙና ውሰዱ። ከተቻለ አንቲ-ኤ1 ሌክቲን ተጠቅማችሁ ኤ1 (ዋናው የኤ ንዑስ ዓይነት) መሆናቸውን አረጋግጡ። ሴሉን በአንድ ቲዩብ አቀላቅላችሁ በኖርማል ሳላይን ሦስት ጊዜ እጠቡት። በመጨረሻው እጥበት ከላይ ያለው ሳላይን ንጹሕ መሆን አለበት፤ ቀላ ካለ ሴሉ እየፈረሰ ነውና ጣሉት። ከታጠበው ሴል 0.3 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 9.7 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጨምሩበት። 3 በመቶ ሆነላችሁ። ለቢም እንዲሁ። ከመጠቀማችሁ በፊት በአንቲ-ኤ እና በአንቲ-ቢ ፈትሹት፤ በዚያው ቀን ተጠቀሙበት፤ ማታ ድፉት። የእኛ ክፍል ሁልጊዜ በዚህ ነው የሚሠራው።

ሦስተኛው አነባበብ ነው። ቲዩቡ ከሴንትሪፉጅ ሲወጣ ሴሉ ከታች ተቀምጧል። ብዙ ሰው ቲዩቡን ያንቀጠቅጠዋል። በኃይል ከነቀነቃችሁት ደካማ መጓጎል ተበትኖ ኔጌቲቭ ይመስላችኋል። ቀስ ብላችሁ ዘንበል አድርጉት። ሴሉ ከታች እንዴት እንደሚለቅ እዩ። አንድ ጠጣር ሆኖ ከተነሳ 4+ ነው። እንደ ጢስ እየተነነ ከተነሳ 0 ነው። በመካከል ያለውን ደረጃ ጻፉት፤ "ፖዘቲቭ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። በስላይድ የምትሠሩም 2 ደቂቃ አትለፉ። ጠርዙ ሲደርቅ የተጓጎለ ይመስላልና።

አዲስ ሎት፣ ማለትም አዲስ የሪኤጀንት ምርት ዙር፣ ሲመጣ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ሞክሩት። እዚህ ላይ የዓለም አቀፍ ትብብር ጥቅም በግልጽ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንቲ-ኤ፣ ለአንቲ-ቢ እና ለአንቲ-ዲ ዝቅተኛ ጉልበት የሚለካበት መለኪያ አለው። መለኪያው የተዘጋጀው የተለያዩ አገሮች ላብራቶሪዎች አንድ ዓይነት ናሙና ተከፋፍለው ሠርተው ነው። እያንዳንዱ ሆስፒታል ይህን መያዝ የለበትም። ግን አዲስ ብራንድ ሪኤጀንት ሲገባ "ከዚህ መለኪያ ጋር ተነጻጽሯል ወይ?" ብላችሁ አቅራቢውን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጠይቁ።

ስም፣ ቀን እና ሰዓት

ከውጭ አገር መመሪያ ስትቀዱ በጣም የምትቸገሩት በሪኤጀንት አይደለም። በስምና በቀን ነው። በዚህ ጉዳይ ዘለግ ላደርግ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ ከደም መስጠት ጋር የተያያዙ አደጋዎችን የሚመዘግብ ሾት የሚባል ሥርዓት አለ። ደጋግሞ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። የአንዱ ሰው ደም በሌላው ሰው ስም በተጻፈበት ቲዩብ ይገባል። ላብራቶሪው በትክክል ይመረምራል፤ ውጤቱ ግን የሌላ ሰው ነው። ምንም ዓይነት ማሽን ይህን ከናሙናው ብቻ አያገኘውም።

የውጭው ቅጽ "የቤተሰብ ስም" ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ነርስ የአባት ስም ይሞላበታል፣ ሌላው የአያት። ያቺው ታካሚ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ሰው ትሆናለች። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ጸጋዬ በሦስት ዓይነት ሆሄ ይገባል። ኮምፒውተሩ ላይ የድሮ የደም ዓይነቷን ስትፈልጉ አታገኙትም፤ ልዩነት መኖሩንም አታውቁም።

የውጭው መመሪያ የትውልድ ቀንንም እንደ ሁለተኛ መለያ ይጠቀማል። ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ ትክክለኛ ቀኑን አያውቁትም። "ሠላሳ ይሆነኛል" ይላሉ። ጸሐፊው ባዶ ላለመተው ጃንዋሪ 1 ይጽፋል። አንድ ዋርድ ውስጥ አራት ሰው በአንድ ቀን ይወለዳል። ስለዚህ ለእኛ የሚሠራው ሙሉ ስም ከነአያት፣ በአማርኛ ፊደል፣ እና የካርድ ቁጥር ነው። ይህን በጽሑፍ አስቀምጡትና ለውጭ ባልደረባችሁ አስረዱት። ከገባው ቅጹን ያስተካክላል። ብዙ ጊዜ ማንም ነግሮት ስለማያውቅ ነው።

ቀን ሌላ ፈተና ነው። ሪኤጀንቱ ላይ "2026-03-31" ተብሎ ቢጻፍ በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2018 ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው 03ን አይቶ ኅዳር ቢል አይገርመኝም። እኛ ጠርሙሱ ሲደርሰን የማለቂያ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ፕላስተር ላይ ጽፈን እንለጥፋለን፤ የተከፈተበትንም ቀን እንጨምራለን። ከውጭ ጋር በምንጻጻፍበት ሁሉ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ሳይጻፍ ቀን አይላክም። ሰዓትም እንደዚሁ። "3 ሰዓት ላይ እንገናኝ" ብትሉ እናንተ በጠዋቱ ትጠብቃላችሁ፣ እነሱ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከማዋለጃ ክፍል አንዲት ነርስ እየሮጠች ትመጣለች። ቲዩቡ ላይ ምንም አልተጻፈም።

"ሲስተር፣ ይሄ የማን ነው?"

"የሰባት ቁጥሯ ናት እኮ እታለም፣ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ቶሎ በይልኝ!"

ልጅቷ ጥፋተኛ አይደለችም። እናት እየሞተችባት ነው። መልሱ ግን አንድ ነው። ያልተጻፈበት ቲዩብ አይመረመርም። በዚያው ደቂቃ የኦ ደም ይወጣል፤ ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ካለ ኦ ኔጌቲቭ ይሰጣል። ነርሷ አልጋው ዘንድ ቆማ፣ ታካሚዋን ወይም አስታማሚዋን ስም ጠይቃ፣ እዚያው ጽፋ አዲስ ናሙና ታመጣለች። ቀድሞ የተመዘገበ የደም ዓይነት ለሌላት ታካሚ ደግሞ፣ ድንገተኛ ካልሆነ፣ በሌላ ሰዓት የተወሰደ ሁለተኛ ናሙና እንጠይቃለን። ይህ ሁለተኛ ናሙና የሚባለው ደንብ ከእንግሊዞች የተወሰደ ነው። ከውጭ ካገኘነው ሁሉ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። ከወረቀትና ከትዕግስት በቀር አንድ ቲዩብ ብቻ ነው የሚያስወጣው።

ወደ ውጭ ግምገማ ግቡ

ጠረጴዛችሁ ከተስተካከለ ሌላ ሰው ይየው። የውጭ ጥራት ግምገማ የሚባለው እንዲህ ነው። አዘጋጁ ውጤቱን እሱ ብቻ የሚያውቀው ናሙና ይልካል። ትሠራላችሁ፣ መልስ ትልካላችሁ፣ ከሌሎች ላብራቶሪዎች ጋር ተነጻጽሮ ይመለስላችኋል። መጀመሪያ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን እና የደም ባንክ አገልግሎትን ጠይቁ፤ በአገር ውስጥ ያለውን ሳታዩ ወደ ውጭ አትሩጡ። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ እንደ እንግሊዙ ዩኬ ኔቃስ ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ላብራቶሪ ሕክምና ማኅበር ላብራቶሪዎችን በኮከብ ደረጃ በደረጃ ወደ አክሬዲቴሽን (የብቃት ዕውቅና) የሚወስድ መንገድ አለው። የአፍሪካ የደም ማኅበርም ለደም አገልግሎቶች የራሱ ባለ ደረጃ መንገድ አለው።

ናሙናው ሲመጣ ጎበዟን ባለሙያ ጠርታችሁ በልዩ ጥንቃቄ አታሠሩ። የዚያ ቀን ተረኛ እንደ ማንኛውም ታካሚ ይሥራው። ያለዚያ የተገመገመችው እሷ እንጂ ላብራቶሪው አይደለም። ቀይ ሴል በመንገድ ይበላሻል፤ ስለዚህ የጉምሩክ ደብዳቤውን ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ጨርሱ። ሲደርስ የሳጥኑን ሙቀትና የናሙናውን መልክ መዝግቡ፣ ፎቶ አንሱ። ከሴሉ በላይ ያለው ፈሳሽ ቀልቶ ከደረሰ ይህን ሪፖርት አድርጉ።

መልሱ ሲሳሳት "የናሙናው ጥፋት ነው" ማለት ይቀላል። አትበሉ። ሎቱን፣ ኮንትሮሉን፣ ሴንትሪፉጁን፣ ጽሕፈቱን በቅደም ተከተል እዩ። ብዙ ጊዜ ምርመራው ትክክል ሆኖ ስህተቱ የሚገኘው በግልበጣ ላይ ነው፦ ከቲዩብ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብ ወደ ቅጽ።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

በብዙ ሆስፒታል ጥግ ላይ ጨርቅ የለበሰ ማሽን አለ። በእርዳታ የመጣ ነው። የሚሠራው በራሱ አምራች ጄል ካርድ (በቲዩብ ፈንታ ምርመራው የሚሠራበት ካርድ) ብቻ ነው። የመጀመሪያው ካርቶን ካርድ አለቀ፤ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ ጠጋኝ የለም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሰጪው በቅንነት ሰጥቷል፣ ተቀባዩም በደስታ ተቀብሏል። ግን ያ ማሽን በቆመበት ዓመት ሁሉ ታካሚ አልጠቀመም። የዓለም ጤና ድርጅት በሕክምና መሣሪያ እርዳታ ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር አለ። ተቀባዩ ፍላጎቱን ቀድሞ እንዲናገር፣ ለጥገናና ለማስኬጃ የሚያስፈልገውም አብሮ እንዲታሰብ ይላል። በዚህ ወረቀት ተደገፉና "ካርዱን ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ይገዛል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ በትሕትና አመስግናችሁ እለፉ።

ጄል ጥሩ ቴክኒክ ነው፣ አልክድም። ግን በቲዩብ በደንብ የሚያነብ ሰው ወደ ጄል ሲሄድ በቀላሉ ይለምዳል። የምትጠይቁት ይህን ይምሰል፦ በወር ሁለት ጊዜ በቪዲዮ ከባድ ውጤቶችን አብሮን የሚያይ ሰው፤ አሮጌም ቢሆን የሴል ፓነል (አንቲጅናቸው የታወቀ ሴሎች ስብስብ) ለትምህርት፤ የአሠራር መመሪያችንን የሚያነብልን ዓይን፤ አንድ ባለሙያችን ሄዶ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራበት ጥቂት ሳምንት። የሚሄደው ሰው ኃላፊው ሳይሆን ቲዩብ የሚይዘው ይሁን። በዚህ ብዙ ቦታ ተበላሽቷል።

ከባድ ናሙና ሲገጥም

አንዲት ነፍሰ ጡር ናሙናዋ በአንዱ አንቲ-ዲ 2+፣ በሌላው ብራንድ 0 ሆነ እንበል። ለጊዜው ለደምም ለኔጌቲቭ ነፍሰ ጡሮች ለሚሰጠው የአንቲ-ዲ መርፌም እንደ ኔጌቲቭ ያዟት። ለጋሽ ብትሆን ግን ተቃራኒው ነው፤ ደካማ ዲ ያለው፣ ማለትም ዲው በምርመራ ደክሞ የሚታይ፣ ደም ፖዘቲቭ ተብሎ ነው የሚለጠፈው። ይህ ልዩነት ለአዲስ ተማሪ ግራ ያጋባል። ምክንያቱ በሁለቱም በኩል ዲ የሌለበትን ሰው ከዲ መጠበቅ ነው።

ከዚያ ፎቶ አንሱ። ነጭ ወረቀት ከኋላ፣ ቲዩቡ ዘንበል ብሎ፣ ብርሃን ከጎን። ስምና ካርድ ቁጥር ከፎቶው ይውጣ። የሪኤጀንቱን ስምና ሎት፣ ሙቀቱን፣ የታካሚዋን ደም የመውሰድና የወሊድ ታሪክ ጨምሩ። በቴሌግራም ግሩፕ ብዙ ሰው ባለበት አትልቀቁት፤ ለተስማማችሁት ሰው ብቻ።

መልሱ ሲመጣ ግን እንዳለ አትቅዱት። በአውሮፓውያን ዘንድ የሚበዛው ደካማ ዲ ዓይነት 1፣ 2 እና 3 ነው። እነዚህን እንደ ፖዘቲቭ መቁጠር ችግር እንደማያመጣ ተጠንቷል፣ መመሪያቸውም በዚያ ላይ ተሠራ። ከአፍሪካ በሆነ ሰው ላይ የሚበዙት ሌሎች ናቸው፦ ዓይነት 4፣ ዳር፣ ዳው የሚባሉት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የያዙ ሰዎች የዲ ደም ቢሰጣቸው አንቲ-ዲ ሊያመርቱ ይችላሉ። የቲዩብ ምርመራ አይለያቸውም፤ የጂን ምርመራ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የውጭ ላብራቶሪ የምትፈልጉት።

ናሙናው ሲላክ ሥርዓት አለው። በሦስት ድርብ ይታሸጋል፦ የማያፈስ ቲዩብ፣ የማያፈስ ሁለተኛ ዕቃ ከመምጠጫ ጋር፣ ጠንካራ ሳጥን። ላዩ ላይ ዩ ኤን 3373 የሚለው ምልክት ይለጠፋል። የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትና ፈቃድ ይቅደም። ሙሉ ደም ማቀዝቀዝ እንጂ በረዶ ማድረግ አይገባም። ዲኤንኤውን እዚህ አውጥቶ መላክ ከተቻለ ደግሞ መንገዱ ይቀላል። ለሚበር ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ማስያዝ ግን ፈጽሞ አይሁን።

እኛም የምንሰጠው አለ

ይህን ብዙዎቻችን እንረሳለን። ከአውሮፓ የሚመጣው የአንቲቦዲ መፈለጊያ ሴል በዋናነት ከአውሮፓውያን ለጋሾች የተሠራ ነው። ቪ እና ቪ ኤስ የሚባሉት አንቲጅኖች በአፍሪካውያን ዘንድ የተለመዱ፣ እነሱ ዘንድ ብርቅ ናቸው። መፈለጊያው ላይ ከሌሉ ታካሚው አንቲቦዲ ቢኖረውም "የለም" ይባላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ሲክል ሴል ያለባቸው አፍሪካዊ ዘር ያላቸው ታካሚዎች ደጋግመው ደም ይወስዳሉ። ለጋሾቻቸው በብዛት ነጮች ስለሆኑ አንቲቦዲ በቀላሉ ያመርታሉ። ለእነሱ የሚስማማውን ደምና ሴል የሚያውቀው የእኛ ዓይነት ላብራቶሪ ነው። ዳፊ በሚባለው የደም ዓይነት ሥርዓት ያየነውም ይህንኑ ነው። ዳፊ ኔጌቲቭ ሰው ቫይቫክስ ወባ አይዘውም ይባል ነበር፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአፍሪካ የመጡ ጥናቶች እንደሚይዘው አሳዩ።

ብርቅዬ የደም ዓይነት ያለው ለጋሽ ካገኛችሁ ፈቃዱን ጠይቃችሁ በብሔራዊ ደም ባንክ በኩል አስመዝግቡ። እንግሊዝ ብሪስቶል ያለው ላብራቶሪ የሚይዘው ዓለም አቀፍ የብርቅዬ ለጋሾች ዝርዝር አለ፤ አገሮች በእሱ በኩል ደም ይፈላለጋሉ። ውጭ የምትኖሩ ወገኖችም በምትኖሩበት ደም ስትሰጡ፣ ዘራችሁን በሚጠይቀው ቦታ ላይ በእውነት ሙሉት፤ የሚያስፈልገውን ለመፈለግ ይረዳል። ከናሙናው ጽሑፍ ከወጣ የናንተ ባለሙያ ስም ከጸሐፊዎቹ መካከል ይሁን። ይህንንም ከመጀመሪያው ስምምነት ላይ አስገቡ፤ በኋላ መጠየቅ ያስቸግራል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

አንድ ገጽ ይበቃል። በወር ስንት ሰው እንደምትመረምሩ፣ በስላይድ ወይስ በቲዩብ፣ ሪኤጀንታችሁ የማን እንደሆነ፣ ኮንትሮል እንዴት እንደምትሠሩ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ግምገማዎች ውጤት እንዳለ። መጥፎም ቢሆን እንዳለ። ከዚያ የሚያስቸግሯችሁን ሦስት ነገሮች ጻፉ። "ድጋፍ እንፈልጋለን" ከማለት "በሁለቱ አንቲ-ዲ ውጤት የማይገጥምልንን ናሙና አብሮን የሚያይ ሰው እንፈልጋለን" ማለት ቶሎ መልስ ያስገኛል። ከዚያ እናንተ የምትሰጡትን ጻፉ። የሚመቻችሁን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ።

ደብዳቤውን በላብራቶሪ ኃላፊና በሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አስፈርሙ። በግል ወዳጅነት ብቻ የተጀመረ ትብብር አንዱ ሥራ ሲቀይር ይቋረጣል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል የዋናውም የተተኪውም ሰው ስምና ኢሜይል ከሥር ይግባ።